የአራት ሰው ቀብር

አሁንም ድረስ ሰው አጠገቤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ከማለቴ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ምርቃቱን ከዚያ ሆኜ ነው የምልከው። ሚስቴ ዘነበች ትታዘበኛለች፤ ደንበኞቼም ይታዘቡኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ደረትና ወገብ ሳልለካ እንጀራ አልበላም። ታዲያ ሰውን ከሩቅ የሚለካ ልብስ ሰፊ የት ታውቃላችሁ? እኔ ግን ሞክሬዋለሁ። በዚያ በኮሮና ጊዜ፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ አንዱን ደንበኛዬን ደጅ አቁሜ፣ እኔ መስኮቱ ውስጥ ሆኜ፣ ሜትሩን ወርውሬለት ራሱን በራሱ እንዲለካ አድርጌያለሁ። ሰውዬው ደግሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ለካ። ሱሪው እስከ ዛሬ አልቆለፈለትም።

ፈሪ ነኝ። ይህን ሳልሸሽግ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ስላወቀብኝ ነው። እጄን ከመታጠቤ ብዛት ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው መርፌ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር ኑዛዜዬን በልቤ እጀምራለሁ። በሽታው የያዘው ሰው ሽታ አይሸተውም ሲሉ ሰምቼ በየሰዓቱ ነጭ ሽንኩርት ማሽተት ያዝኩ። አንድ ቀን ታዲያ አልሸተተኝም!  ግድግዳ ተደግፌ ዘነበችን ጠራሁ። መጣችና አየችኝ፣ ከዚያ ምንም ሳትል አፍንጫዬን የሸፈነውን ጭንብል ወደ ታች ሳበችው። ሽንኩርቱ ሸተተኝ። ዘነበች ያን ቀን እኔን ላለማየት ወደ ጓሮ ወጣች።

እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ግን የሰማሁትን ብትሰሙ ኖሮ አትስቁም ነበር። እህቴ ወርቅነሽ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ገና ወሬው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ደውላ፣ አሠሪዎቿ በር ከቆለፉ ወር እንዳለፋቸው፣ ከመስኮት ሆና መንገዱን ስታየው ሰው እንደሌለበት ነገረችኝ። አንዲት አብራት የሄደች የወረኢሉ ልጅ ሞታለች። ማን ቀበራት ብዬ ጠየቅኳት። መኪና መጥቶ ይዟት ሄደ፣ በቃ፣ አለችኝ።   መጨረሻ ላይ «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ አደራህን» አለችኝ። አልነገርኳትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር በሩን ከውስጥ እቀረቅር ጀመር።

ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ «ቤታችሁ ተቀመጡ» ይላል። ለማን እንደሚል እንጃ። በኛ አገር ቤት የሚቀመጠው አራስና በሽተኛ ነው። ገበሬው ገብሱን ቤቱ ተቀምጦ አያርሰውም። ነጋዴው ገበያ ካልወጣ ምን ይበላል? ሰላምታችንስ ቢሆን? እኛ ሰው ስንስም ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭተን፣ ጉንጩን አገላብጠን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቀን፣ ከዚያ እንደ ገና እንጀምራለን። ይህን ሁሉ ተዉና በክርን ተነካኩ አሉን። ሁለት ሽማግሌዎች በክርን ሰላም ሲባባሉ አይቼ የተጣሉ መስሎኝ ልገላግል ተነስቼ አውቃለሁ። ከዚያ ራቅ በሉ የሚለው ትዝ ብሎኝ ከመቀመጫዬ ሆኜ ገላገልኳቸው።

እኔም እንግዲህ ጭንብል መስፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሰፋሁት ከጥቁር ጨርቅ ነበር፤ ለሐዘንተኛ ልብስ ከሰፋሁት የተረፈ። ማንም አልነካው። ሐዘን አፋችን ላይ ልትለጥፍብን ነው ወይ አሉኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ተከምሮብኛል። እሱን ቆረጥኩት። እንዲህ ሆኖ በዚያ ዓመት ተማሪው ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌው በሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ ዞረ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው።

እናቴን ከተማው እማማ አልጋነሽ ይላታል። ዕድሜዋን ብትጠይቋት ከጣልያን ወዲህ ነው ትላችኋለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ብዙ ነው። ደረቷ ደህና አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር ያፍናታል፣ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ይህን በሽታ ስሰማ መጀመሪያ የታየኝ የእናቴ ደረት ነው። ለራሴ የፈራሁትን ከነገርኳችሁ በኋላ፣ ለእሷ የፈራሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቁና ቁና ስትተነፍስ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ያ ትንፋሽ አንድ ቀን ይቆማል የሚለው ሐሳብ ልጅ ሆኜም አያስተኛኝም ነበር።

እሷ ግን ሌላ ናት። በሕይወቷ ለቅሶ አጥታ አታውቅም። ቅሬ፣ እናንተ እድር የምትሉት ማለት ነው፣ እኛ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። እናቴ ግን ያለ ሹመት ከሁላችንም በላይ ናት። ሰው ሞተ ከተባለ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከማንም ቀድማ ትደርሳለች። እስላም ቤት ዱዓ ሲደረግ «አሚን» የሚለው የእሷ ድምፅ ነው ጎልቶ የሚሰማው። ለሞተ ዘመድ አጅባር ድረስ በእግሯ ሄዳ ታውቃለች። ስትመለስ ሟቹ ደግ ነበር ወይ ክፉ ብላችሁ ብትጠይቋት አትመልስላችሁም። የምትነግራችሁ የቀብሩን ሰው ነው። «ፊቱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጭራው ገና ገበያው ጋ ነበር» ካለች፣ ሰውዬው በደንብ ኖሯል ማለት ነው። «እኛው ነን» ካለች ደግሞ አለቀለት።

እና ይህችን ሴት ቤት አስቀምጥ ተባልኩ። እንዴት አድርጌ? ስለ ቫይረሱ ነገርኳት። ዓይን አይታየውም ብዬ። ብዙ ዓይን የማይታየው ነገር አለ፣ አለችኝ። ትሞቻለሽ አልኳት። «ታዲያ ልቀር ኖሯል?» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከኋላዋ እየተከተልኩ ለመንኳት። መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ ልትስም ስትል በመካከል እገባለሁ። ሁለት ጊዜ እኔን ሳሙኝ።

በዚህ መሃል የድንኳኑ ነገር መጣ። ከደሴ በኩል የሚገባውን ሰው ከከተማው መግቢያ ላይ ሙቀቱን ለክቶ፣ እጁን አስታጥቦ ለማሳለፍ ታሰበ። ዝናብ ነበርና መጠለያ ጠፋ። ጋሽ ሰይድ ደግ ሰው ናቸው፣ የቅሬው ድንኳን እያለ ምን ትጨነቃላችሁ ብለው ሰጡ። አግዳሚ ወንበሮቹንም ጨመሩ። በማግሥቱ በገበያ ቀን ድንኳኑ መንገዱ ዳር ተተከለ። ጤና ባለሙያዋ ሲስተር ብርቱካን ያን እንደ ሽጉጥ ግንባር ላይ የሚደቀን የሙቀት መለኪያ ይዛ ቆመች። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ስለሆንኩ ውኃ ላስታጥብ ተመደብኩ። ከሁሉም ሰው ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ እንዴት እንደተገኘሁ አላውቅም።

ነገሩን ማናችንም አላሰብነውም። እኛ አገር ድንኳን አይቶ የሚያልፍ ሰው አለ? በገጠር መንገድ ላይ ድንኳን ካየህ፣ የማታውቀው ሰው እንኳ ቢሞት፣ ገብተህ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለህ፣ ጥቂት ተቀምጠህ ነው የምትሄደው። ዝም ብሎ ማለፍ አውሬነት ነው። መጀመሪያ የመጣው አህያውን ገብስ የጫነ ሰውዬ ነበር። ድንኳኑን አየ። አህያውን አሰረ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ኩታውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፋ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና አግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ብርቱካን ሙቀቱን ልትለካ መሣሪያውን ግንባሩ ላይ ስትደቅን፣ የሟቹ ደመኛ መስዬአት ይሆን ብሎ ነው መሰል፣ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ከሱ ኋላ ሁለት ሴቶች መጡ። እነሱ ከሩቅ ድንኳኑን ሲያዩ ጊዜ «ወዬ! ወዬ!» እያሉ ነው የደረሱት። የእነሱን ጩኸት ሰምቶ ከከተማው ሰው መጣ። የከተማውን ሰው አይቶ ከገጠር የመጣው በሙሉ ገባ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰው እንዳይሰበሰብ የተተከለው ድንኳን ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ሲስተር ብርቱካን «ማንም አልሞተም! ውጡ!» እያለች ትጮኻለች። አንዲት ሴትዮ ታዲያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠግታ፣ ታዲያ ምነው ደበቃችሁት፣ ያ በሽታ ነው እንዴ የገደለው፣ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። የሚደበቅ ሞት አለ ተባለ። እኔ ያን ሁሉ ሰው ትንፋሽ መሃል ቆሜ፣ ጆግ በእጄ ይዤ አስታጥባለሁ። ውኃው ከሰው እጅ ይልቅ የእኔው ጫማ ላይ ፈሰሰ።

የተደበቀ ሞት ሲባል ደግሞ ስም ያስፈልገዋል። ስሙ እኛ ሰፈር ሲደርስ የእኔ ሆኖ ደረሰ። ፈንታው ልብስ ሰፊው፣ ፊቱን ተሸፍኖ ድንኳን ውስጥ ታይቷል፣ አሉ። ፊቴን የሸፈንኩትስ በጭንብል ነበር፤ ማን ያብራራ? እናቴ መቀነቷን እንኳ ሳታስር ደረቷን እየደቃች መጣች። ሕዝቡ መንገድ ሰጣት። ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ጆግ ይዤ አየችኝ። አላቀፈችኝም። እየተነፈሰች ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከዚያ «በሕይወትህ ቆመህ ነው እንዴ ደረቴን ያስደቃኸኝ?» ብላ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ፉጨት ሆኗል። በዙሪያዋ ሠላሳ ሰው አለ። ከዚያ ሁሉ አንዱ ቢያስልስ?

ሲስተር ብርቱካን አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳት ጀመር። እማማ፣ እርስዎ ደረትዎ ደካማ ነው፣ ይህ በሽታ ቢይዝዎ አይለቅዎትም፣ ቤትዎ ይቀመጡ አለቻት። እናቴ ሌላ ቦታ ነው የምታየው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሏል ስትላት ግን ዞር አለች።

«ለምኑም?» አለች።

«ለምኑም፣ እማማ።»

«ለቀብርም?»

ሲስተር ብርቱካን ለቀብር እንኳ ትንሽ ከፍ ይላል፣ የቅርብ ቤተሰብ ይፈቀዳል ብላ ለማለስለስ ሞከረች። እናቴ አልሰማቻትም። አራት የሚለው ቁጥር ጆሮዋ ገብቷል። ጣቶቿን አውጥታ አየቻቸው።

«አራቱ ቃሬዛውን ይይዛሉ» አለች። «የሚያለቅሰውስ ማነው?»

 ቆይታ ደግሞ፣ ቄሱ ከአራቱ ጋር ነው የሚቆጠረው ወይስ ለብቻው ብላ ጠየቀች። ሲስተር ብርቱካን ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ውኃው አየሁ። እናቴ ተነሳች። «በል ከዚያ ጨርቅህ አንዱን ስጠኝ» አለችኝ። ከኪሴ አንድ ጭንብል አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው አስራ፣ ማንንም ሳትስም፣ በምርኩዟ ሰውን ራቅ ራቅ እያደረገች ቤታችን ገባች። በሕይወቷ ድንኳን ውስጥ ገብታ ሳታለቅስ የወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዩ! እኔ ፈሪ ነኝ ብያችሁ የለ? እናቴ በመጠንቀቅ አስር እጥፍ በለጠችኝ። በራችን ላይ ምርኩዟን አጋድማ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አያልፍም። እኔ ከሥራ ስገባ ኮቴን አጥሩ ላይ ሰቅዬ፣ እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ፣ እሷ አይታ ካላመነች ሦስተኛ ታጥቤ ነው የማልፈው። ፌጦና ሎሚ ከቤታችን አይጠፋም። ቄሱ የንስሐ አባቷ ናቸው፣ ሊጠይቋት ቢመጡ መስቀሉን ከአጥር ውጭ ሆነው እንዲያሳልሟት ጠየቀች። እሳቸውም ደንግጠው ከዚያው አማተቡላት።

ለምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሁሉ አትደብቅም። በዚህ ጊዜ አልሞትም፣ ትላለች። ዕድሜ ልኬን አገር ስቀብር ኖሬ እንደ ሌባ በአራት ሰው አልሸኝም። አዋጁ ይነሳና ያኔ እንደ ፈቃዱ። ቃሉ ከአጥር አጥር ዞረ። ያን ሁሉ ወር ሬዲዮ፣ ድምፅ ማጉያና የቀበሌ ሰው ያልቻለውን ነገር እናቴ ቻለችው። አሮጊቶቹ ቤታቸውን ዘጉ። ሽማግሌዎቹ ከጥላ ወደ ጥላ መዞር ተዉ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው፣ «ወላሂ አልጋነሽ እውነቷን ነው፣ እኔም በዚህ ጊዜ አልሄድም» ብለው በር ዘጉ። ሲስተር ብርቱካን ተገርማ፣ ሰዉ ሞትን ስንነግረው አልሰማም፣ ምን ብላችሁት ነው አለችኝ። ምን ልበላት?

የፈሩት ግን መጣ። ጎረቤታችን አያ መኮንን ሞቱ። ኮሮና አይደለም፤ ለዓመታት የያዛቸው የኩላሊት ሕመም ነው። ግን ሕጉ ሕግ ነው። ያን ቀን የሆነውን አሁንም አልረሳሁም። አስከሬኑን ጥቂት ልጆቻቸው ይዘው በመንገዱ መሃል አለፉ። ሰፈሩ በሙሉ በየበሩ ቆሟል። አንድም ሰው መንገድ ላይ የለም። ቃሬዛው በአንዱ በር ሲያልፍ ያ ቤት ያለቅሳል፤ ሲያልፈው ያ ቤት ዝም ይልና ቀጥሎ ያለው ይጀምራል። ለቅሶው እንዲህ ከበር በር እየተቀባበለ ሄደ። እኛ በር ሲደርስ እናቴ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ቃሬዛው ካለፈ በኋላ ገብታ ተቀመጠች፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ዘነበች ትንሽ ብትበይ ስትላት፣ «ሰው እንደሌለው ሰው አለፈ» አለቻት። በረንዳው ላይ ሆኜ ሰማኋት። እናቴ ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እናቴ አሳለች። ያ የምናውቀው ሳል አይደለም። ደረቅ ነው። ዘነበች ግንባሯን ነካ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷን አይቼ አወቅሁ።

አሁን የምነግራችሁን አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ወደ እናቴ ክፍል መግባት አቃተኝ። የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። እግሬን አዘዝኩት፣ እምቢ አለኝ። ገብታ የምታገላብጣት፣ ውኃ የምታጠጣት ዘነበች ናት። እኔ የወለደችኝ ልጇ በር ላይ ቆሜ እንባዬ ጭንብሉን ያርሰዋል። አንድ ጊዜ ዘነበች ውኃ ልትቀዳ ወጥታ እናቴ አጥሚት ፈለገች። ስኒውን መሬት አስቀምጬ፣ ጨርቅ በምለካበት ረጅም የእንጨት ሜትር እየገፋሁ ወደ አልጋዋ አስጠጋሁላት። አየችኝ። የምትረግመኝ መሰለኝ። እየተነፈሰች ሳቀች።

«ደግ አደረግህ» አለችኝ። «ራቅ በል። ከአራቱ አንዱ አንተ ነህ። አንተ ከሞትክ ሦስት ሰው ቃሬዛ እንዴት ያነሳል?»

ሜትሩን ጣልኩትና ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። እግሯ ሥር ተቀምጬ እግሯን ያዝኩ። ውጣ አለችኝ፣ አልወጣሁም። ፍርሃቱ ለቀቀኝ እንዳትሉ፤ አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ነው የተቀመጥኩት።

ሲስተር ብርቱካን ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ለብሳ መጥታ፣ ከእናቴ አፍንጫ በረጅም ጥጥ ናሙና ወሰደች። እናቴ አንጎሌን ልታወጪው ነው እንዴ ብላ ተቆጣች። ናሙናው ደሴ ተላከ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሱቄ ተዘጋ። ሰው በእኛ በር በኩል ማለፍ ትቶ በማዶ መሄድ ጀመረ፤ አልቀየምኳቸውም፣ እኔ ብሆን ሌላ ከተማ ዞሬ እሄድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ብቻ በየቀኑ ረፋድ ላይ ቤታቸውን ከፍተው ይመጣሉ። ማዶ ቆመው በምርኩዛቸው ድንጋዩን መታ መታ ያደርጉና «አልጋነሽ! አብሽሪ!» ይላሉ። እናቴም ከውስጥ «አለሁ!» ትላለች። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይመለሳሉ። ሌላ ወሬ የለም።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሰይድ ተጣሩ፤ ከውስጥ መልስ አልመጣም። ደገሙ። እኔ ግቢ ውስጥ ባልዲ ይዤ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሦስተኛ ሲጣሩ ድምፃቸው ተሰበረ። «አልጋነሽ፣ አፈር ስሆን፣ ተይ እንጂ» ሲሉ ሰማኋቸው። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ። እናቴ በጎኗ ተኝታለች። አጎነበስኩና ጭንብሌን አውልቄ ጆሮዬን ከአፏ ላይ አደረግሁ። ለካ በስንት ቀኗ እንቅልፍ ወስዷታል። ሞቅ ያለ ትንፋሽ ጆሮዬን ሲነካኝ ጮኽኩ። እሷም ነቃችና «ምን ሆነሃል አንተ? የምን ጩኸት ነው? አልሞትም አልኩህ እኮ!» አለች። ጋሽ ሰይድ ማዶ ሆነው ይህን ሲሰሙ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ።

ውጤቱ መጣ። የለባትም። ደረቷን የመታት ብርድ ነው ተባለ። ውጤቱ ሲነበብላት እሷ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ብዙም አልደነቃት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን አዋጁ ተነሳ ተባለ። ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን ነፉ። ሴቶች እልል አሉ። የሰፈሩ ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቶ ተቃቀፈ፤ ያ የተጠራቀመ መሳም ሁሉ በአንድ ቀን ወረደ። እኔ ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ቤት ሮጥኩ። ለምን እንደምሮጥ በር እስክደርስ ራሴም አላወቅሁትም ነበር።

እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። «ምን ጩኸት ነው?» አለችኝ።

አሁን ተረዱኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔን አቁሞ ያቆየኝ መድኃኒቱ አይደለም፣ ሳሙናውም አይደለም። እናቴ በአዋጁ ጊዜ አልሞትም ብላ ነበር፣ እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማትሞት እናት ነበረችኝ። አዋጁ ተነሳ ብዬ ብነግራት ምን ልትል ነው? ያኔ እንደ ፈቃዱ ብላለች እኮ! አገር በሙሉ ነጻ ወጣሁ ብሎ ሲጨፍር፣ እኔ በዚያ ሁሉ ወር ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

«አዋጁ ተራዘመ» አልኳት።

ከውጭ እልልታው ይሰማል።

«ተራዘመ?» አለች። «ስንት ሰው?»

«ያው ነው። አራት።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ያ የድንኳኑ በር ላይ ያየችኝ ዓይነት አስተያየት ነው። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ጭንብሏን አስተካከለች።

በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ መቀነቷን አስራለች። አዋጁስ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። እሷ ግን፣ እኔ ለሰው ልደርስ ነው እንጂ ለእኔ ይምጡ አልኩ እንዴ፣ የእኔ አራት እንደሆነማ ነግረኸኛል፣ ብላ በምርኩዟ ገፋ አድርጋኝ አለፈች። ከዚያ ወዲህ አንድም ለቅሶ አላመለጣትም። ያኔ ያልደረሰችባቸውን ቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ ዞራ ደረሰች።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ሞተው እኔም ቀብር ሄድኩ። ሰው ከሰው ተጣብቆ ስለነበር እንደ ልማዴ ከኋላ ራቅ ብዬ ነው የተከተልኩት። ፊቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እኔ ገና ገበያው ጋ ነበርኩ። ከፊት ከፊት በምርኩዟ የምትራመደውን እናቴን በዓይኔ አይቻታለሁ። ቤት ስመለስ ቀድማኝ ደርሳ፣ ነጠላዋን እያጠፈች ነው። ትንፋሿ ያፏጫል። እንዲያው አላስችል ብሎኝ፣ ስንት ሰው ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

ነጠላዋን አጥፋ ጨረሰች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አራት» አለችኝ።